መልቲፕል ስክሌሮሲስና የዓይን ምርመራ

የመልቲፕል ስክሌሮሲስ የዓይን ምርመራ ማለት፣ በአጭሩ ኤምኤስ የሚባለው የማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት በሽታ በእይታ ነርቭ፣ በሬቲናና ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ የአንጎል ክፍሎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማወቅ፣ ለመለካትና ለመከታተል የሚደረጉ ምርመራዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ምርመራዎቹ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል የፊደል ሰሌዳና ከአንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ ጀምረው የሬቲናን ውፍረት በማይክሮሜትር እስከሚለካ መሣሪያ ይደርሳሉ። የዓይን ምርመራ ብቻውን ኤምኤስ መኖሩን አያረጋግጥም። ሆኖም ከአምስት ሕሙማን በግምት በአንዱ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት የእይታ ነርቭ ብግነት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ የሚያነሣው የዓይን ሐኪም የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሕክምና በጊዜ ሲጀመር ለወደፊት የሚከሰተውን የአካል ጉዳት መቀነስ ስለሚቻል፣ ይህ የመጀመሪያ ጥርጣሬ ለሕመምተኛው ትልቅ ትርጉም አለው።

ስለ በሽታው ባጭሩ

ኤምኤስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን አካል በስሕተት ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። የጥቃቱ ዋና ዒላማ ማይሊን የሚባለው፣ ስብ የበዛበት የነርቭ ክሮች ሽፋን ነው። ማይሊን የኤሌክትሪክ ሽቦን እንደሚሸፍን ፕላስቲክ ክሩን ከመከለሉም በላይ መልእክቱ በፍጥነት እንዲተላለፍ ያደርጋል። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ ይቆማል። ጉዳቱ ሲበረታና ሲደጋገም ደግሞ ክሩ ራሱ ይሞታል። ማይሊን በከፊል ሊጠገን ይችላል፤ የሞተ የነርቭ ክር ግን ተመልሶ አይበቅልም።

በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1868 ራሱን ችሎ የቆመ በሽታ አድርጎ የገለጸው ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ስሙም «ብዙ ቦታ ላይ የሚገኝ ጠባሳ» እንደማለት ሲሆን፣ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ተበታትነው የሚታዩትን የጠነከሩ ቦታዎች ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ ዓለም አቀፍ ግምት 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከኤምኤስ ጋር ይኖሩ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍና ከዚያም በላይ ያጠቃል። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች በብዛት ይታያል፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ደግሞ ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

ዓይን ለምን ይመረመራል?

የእይታ ነርቭ ከዓይን ጀርባ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄድ የአንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ጥቅል ነው። ምንም እንኳ ነርቭ ተብሎ ቢጠራ፣ በአፈጣጠሩ የእጅና የእግር ነርቮችን ሳይሆን አንጎልን ይመስላል። ማይሊኑን የሚሠሩለት ሕዋሳት አንጎል ውስጥ ያሉት ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ አንጎልን የሚያጠቃው ኤምኤስ ይህን ነርቭም ያጠቃል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው በአንዱ ወቅት የእይታ ነርቭ ብግነት ይይዛቸዋል። ከሞት በኋላ በተደረጉ ምርመራዎች ደግሞ፣ በሕይወት እያሉ የዓይን ችግር ያልነበራቸውን ጨምሮ በሁሉም ሕሙማን ሊባል በሚችል ደረጃ የእይታ ነርቭ ጠባሳ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሬቲና ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። የእይታ ነርቭ ክሮች ሬቲና ውስጥ ሳሉ ማይሊን የላቸውም፤ ሽፋኑን የሚለብሱት ከዓይን ኳስ ከወጡ በኋላ ነው። ማይሊን ብርሃን ስለሚከልል፣ ሬቲና ጥርት ብሎ እንዲያይ ክሮቹ ራቁታቸውን መሆን አለባቸው። ይህ ለሐኪሙ ልዩ ዕድል ይሰጠዋል። አጥንት ሳይከፈት፣ አካል ሳይቆረጥ፣ በብሌን በኩል ብርሃን በማስገባት ብቻ የማዕከላዊው ነርቭ ሥርዓት አካል የሆኑ ክሮችን ማየት ይቻላል። በዚያ ንብርብር ውስጥ የሚታየው መሳሳት የማይሊን ሳይሆን የክሮቹ መጥፋት ስለሆነ፣ የማይመለሰውን ጉዳት መለኪያ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ሁለቱን ዓይኖች አስተባብሮ ማንቀሳቀስ የአንጎል ግንድንና የኋላ አንጎልን ትክክለኛ ሥራ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። እዚያ የሚወጣ ትንሽ ጠባሳ እንኳ በዓይን እንቅስቃሴ ላይ ይታያል።

የእይታ ነርቭ ብግነት

የእይታ ነርቭ ብግነት ብዙውን ጊዜ አንዱን ዓይን ብቻ ይይዛል። ሕመምተኛው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ እይታው ይደበዝዛል፤ በተለይ የሚያተኩርበት መካከለኛው ክፍል ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ቀለማት ይገረጣሉ፣ ከሁሉም በላይ ቀይ ቀለም። ዓይኑን ወደ ጎን ሲያዞር ከኳሱ በስተጀርባ ሕመም ይሰማዋል። ይህ ሕመም ከአሥር ሕሙማን በዘጠኙ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ለሐኪሙ ጠቃሚ ፍንጭ ነው። አንዳንዶች በጨለማ ውስጥ ዓይናቸውን ሲያንቀሳቅሱ የብርሃን ብልጭታ ያያሉ።

እይታው አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሳምንት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። ነገር ግን የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታች ማንበብ የቻለ ሰው «እንደ ድሮው አላይም» ማለቱ የተለመደ ነው። ቀለም፣ ጥልቀትና በደብዛዛ ብርሃን ማየት እንደተጎዱ ሊቀሩ ይችላሉ።

ከበሽታው ጋር የተያያዙ ሁለት ክስተቶች በተለይ ይታወቃሉ። አንደኛው በጀርመናዊው የዓይን ሐኪም በቪልሄልም ኡትሆፍ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ሐኪሙ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ሕመምተኛው ስፖርት ሲሠራ፣ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ወይም ሲያተኩስ እይታው ለጊዜው ይደበዝዛል፤ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ማይሊኑ የተላጠ ክር ሙቀት ሲጨምር መልእክት ማስተላለፍ ስለሚያቅተው የሚመጣ እንጂ አዲስ የበሽታው ጥቃት አይደለም። ሁለተኛው የፑልፍሪክ ክስተት ይባላል። ከአንዱ ዓይን የሚመጣው መልእክት ከሌላው ስለሚዘገይ፣ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ የሚወዛወዝ ነገር ክብ እየሠራ የሚዞር ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚመጣን መኪና ርቀት መገመት ወይም የተወረወረ ኳስ መቅለብ ሊቸገር ይችላል።

በክሊኒክ የሚደረጉ ምርመራዎች

የእይታ ጥራት። ሕመምተኛው እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻው ሸፍኖ የፊደል ሰሌዳ ያነባል። በነጭ ላይ በጥቁር የተጻፉ ፊደላት ግን የኤምኤስን ጉዳት ሊያመልጡት ይችላሉ። ስለዚህ ፊደላቱ በነጭ ሰሌዳ ላይ እጅግ በፈዘዘ ግራጫ የታተሙባቸው ሰሌዳዎች ይጨመራሉ። በኤምኤስ ጥናቶች የተለመዱት የስሎን ሰሌዳዎች ሲሆኑ፣ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት 2.5 በመቶ ወይም 1.25 በመቶ ብቻ ነው። በተለመደው ሰሌዳ ሙሉ ውጤት ያገኘ ሰው በእነዚህ ላይ ብዙ ፊደል ሊያጣ ይችላል።

ቀለም የመለየት ችሎታ። ጃፓናዊው ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣቸው፣ በቀለማት ነጠብጣቦች መካከል ቁጥር የተደበቀባቸው ገጾች በሰፊው ያገለግላሉ። ገጾቹ በሌሉበት ሐኪሙ የመድኃኒት ጠርሙስ ቀይ ክዳን አንሥቶ ለአንዱ ዓይን፣ ቀጥሎም ለሌላው ያሳያል። በተጎዳው ዓይን ሲታይ ቀዩ ፈዞ ወደ ሐምራዊ ሮዝ ወይም ወደ ቡናማ ይጠጋል።

የብሌን ምርመራ። ጤነኛ ዓይን ላይ ብርሃን ሲበራ የሁለቱም ዓይኖች ብሌን ይጠባል። ሐኪሙ በጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ባትሪውን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ያወዛውዛል። ብርሃኑ ወደ ተጎዳው ዓይን ሲዞር ከዚያ የሚነሣው መልእክት ደካማ ስለሆነ፣ ሁለቱም ብሌኖች በመጥበብ ፈንታ ይሰፋሉ። ምልክቱ በስኮትላንዳዊው ሐኪም በሮበርት ማርከስ ገን ስም ይጠራል። ሕመምተኛው በፈቃዱ ሊያመጣውም ሊደብቀውም ስለማይችል ከሁሉ አስተማማኝ የአካል ምርመራዎች አንዱ ነው። አንድ ድክመት አለው፤ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ከተጎዱ የሚነጻጸር ነገር ስለማይኖር ምልክቱ አይታይም።

የእይታ ስፋት። ሕመምተኛው አንድ ነጥብ ላይ እያተኮረ በዙሪያው ብልጭ የሚሉ መብራቶችን ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ኮምፒውተሩም የትኛው የእይታ ክፍል እንደደከመ በካርታ ያወጣል። በእይታ ነርቭ ብግነት ጊዜ መካከለኛው ክፍል በብዛት ቢጎዳም ሌላ ዓይነት የጉድለት ቅርጽም ይገኛል።

የዓይን ውስጥ ምርመራ። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ ሐኪሙ የእይታ ነርቭን ራስ በቀጥታ እንዲያይ አስችሎታል። ብሌንን ለማስፋት ጠብታ ሊደረግ ስለሚችል ለጥቂት ሰዓታት ቅርብ ነገር ማንበብ ያስቸግራል፣ ብርሃንም ይከብዳል። በኤምኤስ ውስጥ የሚያስገርመው ነገር፣ ከሦስት ሕሙማን በሁለቱ ብግነቱ ከዓይን ኳስ ጀርባ ስለሚሆን የነርቩ ራስ በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው። በዚህ የተነሣ «ሕመምተኛው ምንም አያይም፣ ሐኪሙም ምንም አያይም» የሚል አባባል በሕክምና ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሆኗል። ከሳምንታት በኋላ የነርቩ ራስ እየገረጣ ይሄዳል።

የዓይን እንቅስቃሴ። ሐኪሙ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ሕመምተኛው በዓይኑ ብቻ እንዲከተለው ያደርጋል። ወደ ጎን ሲመለከት አንዱ ዓይን ወደ አፍንጫ መዞር ሲያቅተው ወይም ሲዘገይ፣ ወደ ውጭ የዞረው ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ከታየ፣ ችግሩ ሁለቱን ዓይኖች የሚያስተባብረው የአንጎል ግንድ ክር ላይ ነው። ይህ በሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ከስትሮክ የሚመጣ ሲሆን፣ በወጣት ሰው በሁለቱም ዓይኖች ከታየ ግን ኤምኤስ ከሚጠረጠሩት በሽታዎች ቀዳሚው ነው። ነገሮች ሁለት ሆነው መታየትና ኒስታግመስ የሚባለው ያለፈቃድ የሚመጣ የዓይን መንቀጥቀጥም ከተለመዱት ምልክቶች ውስጥ ናቸው።

በመሣሪያ የሚደረጉ ምርመራዎች

ኦሲቲ። ሙሉ ስሙ ኦፕቲካል ኮኸረንስ ቶሞግራፊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ይፋ የተደረገ መሣሪያ ነው። አሠራሩ ከአልትራሳውንድ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በድምፅ ፈንታ ለዓይን በማይታይ የብርሃን ጨረር መጠቀሙ ነው። ጨረሩ ከሬቲና ንብርብሮች ተንጸባርቆ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት ያሰላል። ዓይን አይነካም፣ አያምም፣ በጥቂት ደቂቃም ያልቃል።

ለኤምኤስ የሚለኩት በተለይ ሁለት ንብርብሮች ናቸው። አንዱ በነርቩ ራስ ዙሪያ ያለው የነርቭ ክሮች ንብርብር ሲሆን፣ በጤነኛ አዋቂ በአማካይ ከ90 እስከ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ይወፍራል። ሁለተኛው ክሮቹ የሚነሡባቸው የጋንግሊዮን ሕዋሳት ንብርብር ነው። ከእይታ ነርቭ ብግነት በኋላ የክሮቹ ንብርብር በአማካይ 20 ማይክሮሜትር ያህል ይሳሳል። ብግነት ይዟቸው በማያውቁ የኤምኤስ ሕሙማን ዓይኖችም ላይ አነስተኛ መሳሳት ይገኛል፤ ይህም በሽታው ምልክት ሳያሳይ እንደሚሠራ ያመለክታል። ስዊድናዊው ላርስ ፍሪሴንና አሜሪካዊው ዊልያም ሆይት ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ኦሲቲ ከመምጣቱ በፊት፣ ሬቲናን በማየት ብቻ ገልጸውት ነበር።

መለኪያው የሚነበበው ጊዜውን በማስላት ነው። በብግነቱ የመጀመሪያ ቀናት ክሮቹ ስለሚያብጡ ንብርብሩ ከወትሮው ሊወፍር ይችላል፤ እውነተኛው መሳሳት የሚታወቀው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። የጋንግሊዮን ሕዋሳት ንብርብር ግን ስለማያብጥ በሳምንታት ውስጥ ጉዳቱን ያሳያል። የአንድን ሰው ሁለት ዓይኖች እርስ በርስ ማነጻጸርም ይጠቅማል። የክሮቹ ንብርብር በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከ5 እስከ 6 ማይክሮሜትር፣ የጋንግሊዮን ሕዋሳቱ ደግሞ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ከተለያየ፣ አንደኛው ነርቭ ቀድሞ ተጎድቷል ብሎ ለመጠርጠር ይበቃል።

የእይታ ምላሽ ልኬት። ሕመምተኛው ጥቁርና ነጭ ካሬዎች እየተቀያየሩ የሚታዩበትን ስክሪን ይመለከታል፤ ከራስ ቅሉ ኋላ የተለጠፉ ኤሌክትሮዶች መልእክቱ አንጎል የደረሰበትን ጊዜ ይመዘግባሉ። በጤነኛ ሰው ዋናው ሞገድ የሚመጣው ከ100 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ማይሊን ከተጎዳ ይዘገያል። ሃሊዴይ፣ ማክዶናልድና ሙሺን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን እንዳሳዩት፣ መዘግየቱ እይታ ከተመለሰ በኋላም ይቀራል። ስለዚህ ምርመራው ከዓመታት በፊት አልፎ የተረሳን ጥቃት ሊያጋልጥ ይችላል። ኦሲቲ የጠፉትን ክሮች ሲቆጥር፣ ይህኛው የመልእክቱን ፍጥነት ይለካል፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኤምአርአይ። የዓይን ጉድጓድ ኤምአርአይ ጋዶሊኒየም በተባለ ማድመቂያ ሲታገዝ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የተቆጣውን ነርቭ ያሳያል። ይበልጥ ወሳኙ ግን የአንጎል ኤምአርአይ ነው፤ ምክንያቱ ቀጥሎ በተገለጸው ጥናት ግልጽ ይሆናል።

የአሜሪካው የእይታ ነርቭ ብግነት ሕክምና ጥናት

በዚህ መስክ ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1991 በአሜሪካ በ15 ማዕከላት 457 ሕሙማንን መዝግቦ የተካሄደው ጥናት ነው። ሕሙማኑ በሦስት ተመደቡ። አንዱ ቡድን ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በደም ሥር ለሦስት ቀን፣ ቀጥሎም ፕሬድኒሶን በአፍ ወሰደ። ሁለተኛው ፕሬድኒሶን በአፍ ብቻ ወሰደ። ሦስተኛው ማስመሰያ መድኃኒት ተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ውጤት የሐኪሞችን አሠራር ለወጠ። በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒት እይታ ቶሎ እንዲመለስ ረዳ፤ ከወራት በኋላ የተገኘው የእይታ ጥራት ግን ምንም ካልተሰጣቸው ብዙም አልተለየም። በተለመደው መጠን በአፍ ብቻ ፕሬድኒሶን የወሰዱት ደግሞ ጭራሽ ብግነቱ ያገረሸባቸው በብዛት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ መጠን በአፍ ብቻ መስጠት ለዚህ በሽታ አይመከርም።

ሕሙማኑን ለ15 ዓመት መከታተሉ ሌላ ትምህርት ሰጠ። ከሁሉም ግማሾቹ ኤምኤስ ያዛቸው። በመጀመሪያው ቀን በተነሣው የአንጎል ኤምአርአይ ላይ ጠባሳ ያልተገኘባቸው 25 በመቶ ብቻ ሲያዙ፣ አንድና ከዚያ በላይ ጠባሳ የነበረባቸው 72 በመቶ ተይዘዋል። የዓይን ውስጥ ምርመራም የራሱ ድርሻ ነበረው። ኤምአርአያቸው ንጹሕ ሆኖ የነርቩ ራስ እጅግ ካበጠባቸው፣ ዙሪያውን ከደማባቸው ወይም ሕመም ካልነበራቸው ሰዎች መካከል በኤምኤስ የተያዘ አልተገኘም። የእይታው ዜናም ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ከ15 ዓመት በኋላ ከተጎዱት ዓይኖች 72 በመቶ ሙሉ የሚባል የእይታ ጥራት ነበራቸው።

ከሌሎች በሽታዎች መለየት

የእይታ ነርቭ ጉዳት ሁሉ ኤምኤስ አይደለም። ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል። ከሚለዩት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ፦ ሁለቱንም ዓይኖች ሊይዝ የሚችል፣ ከባድና ብዙ ጊዜ እይታን ሳይመልስ የሚያልፍ በሽታ ነው። ልዩ ምልክቱ የሆነው ፀረ እንግዳ አካል እ.ኤ.አ. በ2004 ስለታወቀ በደም ምርመራ ይለያል። ኢንተርፌሮን ቤታና ፊንጎሊሞድን የመሳሰሉ አንዳንድ የኤምኤስ መድኃኒቶች ይህን በሽታ ሊያባብሱት ስለሚችሉ ሁለቱን መለየት የግድ ነው።

ከሞግ ፀረ እንግዳ አካል ጋር የተያያዘው በሽታ፦ የነርቩ ራስ በእጅጉ ማበጡ፣ ሁለቱንም ዓይኖች መያዙና ለስቴሮይድ ፈጥኖ መታዘዙ ይታወቅበታል። በሕፃናትም ላይ ይገኛል።

ተላላፊ በሽታዎች፦ ቂጥኝና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን የእይታ ነርቭን ሊያስቆጡ ይችላሉ።

መመረዝና የምግብ እጥረት፦ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና አንዳንድ መድኃኒቶች ሁለቱንም ዓይኖች ይጎዳሉ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጡት አራት ዋና መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ኤታምቡቶል ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀለም ከፈዘዘበት ወይም እይታው ከቀነሰ ሳይዘገይ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ በጊዜ ሲቋረጥ ጉዳቱ ሊመለስ ይችላልና።

ኤምኤስ ብዙም በማይታይባቸው አገሮች ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይጠበቃሉ። አንደኛው ኤምኤስን ፈጽሞ አለመጠርጠር ነው። ሌላኛው፣ ሊድን የሚችል ተላላፊ በሽታ ወይም መመረዝ ሳይጣራ ኤምኤስ ነው ብሎ ማለፍ ነው። ስለ ሕመሙ አጀማመር፣ ስለሚወሰዱ መድኃኒቶችና ስለ አመጋገብ በዝርዝር መጠየቅ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው።

በምርመራ መስፈርት ውስጥ ያለው ቦታ

ኤምኤስ ነው ለማለት ጉዳቱ በማዕከላዊው ነርቭ ሥርዓት በተለያዩ ቦታዎች መድረሱ መረጋገጥና ሌላ የተሻለ ማብራሪያ አለመኖሩ ይፈለጋል። ይህን የሚደነግገው መስፈርት በተመራማሪው በኢያን ማክዶናልድ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በየጊዜው ተሻሽሏል። ማክዶናልድ በ1972ቱ የእይታ ምላሽ ጥናት የተሳተፈው ሐኪም ራሱ ነው። የሚያስገርመው፣ የእይታ ነርቭ በበሽታው ያን ያህል እየተጠቃ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ በነበረው መስፈርት ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ሆኖ አይቆጠርም ነበር። የሚቆጠሩት ሦስት የአንጎል አካባቢዎችና ሕብለ ሰረሰር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ማሻሻያ የእይታ ነርቭ አምስተኛው ቦታ ሆኖ ገብቷል። ጉዳቱም በኤምአርአይ፣ በእይታ ምላሽ ልኬት ወይም በኦሲቲ ሊረጋገጥ ይችላል።

በሽታውን ለመከታተል

በኤምኤስ መያዙ ለታወቀ ሰው የዓይን ምርመራ ሌሎች ጥቅሞች አሉት። በመጀመሪያ የበሽታውን አካሄድ ለመገመት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ የክሮቹ ንብርብር ከ87 ወይም 88 ማይክሮሜትር ያልበለጠባቸው ሕሙማን በተከታዮቹ ዓመታት የአካል ጉዳታቸው የመባባስ ዕድሉ እጥፍ ያህል ነበር።

ሁለተኛው የመድኃኒት ክትትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ፊንጎሊሞድ በአፍ የሚወሰድ የኤምኤስ መድኃኒት ሲሆን፣ በጥቂት ሰዎች ላይ የሬቲናን መካከል ያሳብጣል። አደጋው የስኳር ሕመም ባለባቸውና ቀደም ሲል የዓይን ውስጥ ብግነት በነበረባቸው ይጨምራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ዓይን ይመረመራል። እብጠቱ በጊዜ ከታወቀና መድኃኒቱ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ስቴሮይድ ደጋግመው የሚወስዱም የዓይን ሞራና የዓይን ግፊት መጨመር ሊገጥማቸው ስለሚችል ክትትል ያሻቸዋል።

ሦስተኛው የዓይን ውስጥ ብግነት ነው። ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ በኤምኤስ ሕሙማን ላይ በብዛት ይታያል። ለዚህ ብግነት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ቲኤንኤፍ የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያግዱት ኤምኤስን ሊያባብሱ ይችላሉ። በመሆኑም የዓይን ሐኪሙና የነርቭ ሐኪሙ ሳይመካከሩ መድኃኒት መጀመር አደገኛ ነው።

አራተኛው የዕለት ተዕለት ኑሮን ማቃለል ነው። ነገሮች ሁለት ሆነው ለሚታዩት ሰው ፕሪዝም ያለው መነጽር ወይም አንዱን ዓይን መሸፈን ይረዳል። ዓይን በመንቀጥቀጡ አካባቢው የሚወዛወዝ ለሚመስለው ጋባፔንቲንና ሜማንቲን ሊሰጡ ይችላሉ። ደብዛዛ ፊደል ማንበብ ለሚያስቸግረው ደግሞ ደማቅ መብራትና ጎላ ያለ ጽሑፍ ብዙ ይለውጣሉ። ማሽከርከርን የሚመለከት ምክርም ከፊደል ሰሌዳው ውጤት ባሻገር የእይታ ስፋትንና ርቀት የመገመት ችሎታን ማየት አለበት።

ለአዳዲስ መድኃኒቶች ምርምርም ዓይን ተመራጭ መፈተኛ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 50 ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት፣ የአለርጂ መድኃኒት የሆነው ክሌማስቲን የእይታ ምላሽን መዘግየት በአማካይ በ1.7 ሚሊሰከንድ እንዳሳጠረ አሳይቷል። ለውጡ ትንሽ ቢሆንም፣ የቆየ የማይሊን ጉዳት ሊጠገን እንደሚችል ጠቋሚ ተደርጎ ተወስዷል።

ውስንነቶች

ሬቲና በዕድሜም ይሳሳል። ግላኮማ፣ የስኳር ሕመምና ከባድ የቅርብ ብቻ እይታም የኦሲቲን ውጤት ያዛባሉ። የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር ስለማይገጥም፣ አንድ ሕመምተኛ በየጊዜው በአንድ ዓይነት መሣሪያ መለካት ይኖርበታል። የእይታ ምላሽ ልኬት የመነጽር አለማድረግና የትኩረት መጉደል ያበላሹታል። የዓይን ምርመራው ንጹሕ መሆኑም ኤምኤስ የለም ማለት አይደለም፤ በሽታው በሕብለ ሰረሰር ወይም በሌላ የአንጎል ክፍል ብቻ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ የሚተረጎመው ከሕመሙ ታሪክ፣ ከነርቭ ምርመራ፣ ከኤምአርአይና እንደ አስፈላጊነቱ ከጀርባ ከሚቀዳው የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ ጋር ተደምሮ ነው።

በአንድ ዓይን በቀናት ውስጥ የሚመጣ የእይታ መደብዘዝ፣ ዓይንን ሲያንቀሳቅሱ የሚሰማ ሕመም፣ የቀለም መገርጣት ወይም በድንገት የሚጀምር ሁለት ሆኖ የማየት ችግር ካጋጠመ፣ ምልክቱ በራሱ ቢሻሻል እንኳ መመርመር ያስፈልጋል። ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ የተያዘው ዓይንና ምልክቱ የቆየበት ጊዜ በጽሑፍ ከተያዙ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ምልክት ሲመጣ ሐኪሙ ሁለቱን እንዲያገናኝ ይረዱታል።